ጌሾ ያልገባበት

የልጅ ልጄ ፊቤ ደመወዝ የሚከፈላት ወይን ጠጅ ቀምሳ ለመትፋት ነው። ይህን ለቤተ ክርስቲያን ሰው አናወራም። አባቷ ቲቶ ሲጠየቅ «ኢምፖርት ላይ ናት» ይላል። ውሸትም አይደለም። የምትሠራበት ድርጅት ፈረንሳይ አገር ቦርዶ ከሚባል አውራጃ ወይን ጠጅ ያስመጣል። እሷ መጋዘን ውስጥ ቆማ ትቀምሳለች፣ ባልዲ ውስጥ ትተፋለች፣ ጣዕሙን ለደንበኛ ታስረዳለች።

እኔ የምኖረው በሰው አገር፣ ዛንድስፕሩት በሚባል ሰፈር ነው፤ ከቲቶ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል። ጠዋት እሱ ዕቃ ሊያመጣ ሲሄድ በፍርግርጉ በኩል ዳቦ፣ ሻማና የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። ደንበኞቹ «ሳዎቦና፣ ምኩሉ» ይሉኛል፤ ደኅና ነህ ወይ አያቴ ማለታቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊቤ ትመጣለች። የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ አጠገቤ ትቀመጣለች። ሰው ሲመጣ በዙሉ ቋንቋ ታስቀዋለች፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ ታወራለች፤ አማርኛው ሲያልቅባት እንግሊዝኛ ትደባልቃለች።

አንድ ቅዳሜ እንዲህ አለችኝ።

«አባባ፣ የቦርዶውን ገዛን።»

«ጥሩ። መቼ ገባ?»

«አልገባም እኮ። ገና በርሜል ውስጥ ነው። ወደ ሁለት ዓመት ይቆያል።»

«ያልደረሰ ነገር ገዛችሁ?»

«ቢዝነሱ እንደዛ ነው። በእነሱ ጸደይ ነጋዴው ሁሉ ይሄዳል፣ ከበርሜል ይቀምሳል፣ ይተፋል፣ ይገዛል። ከዛ መጠበቅ ነው። ክሬዚ ነው አይደል?»

«ሰምቼዋለሁ» አልኳት።

«ከማን?»

«ከአባቴ።»

«ጴንጤው ቅድመ አያቴ?» ብላ ሳቀች። «እሱ ስለ ቦርዶ ምን ያውቃል?»

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ያን ቀን ነገርኳት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ዱካሞ በቢላቴ ወንዝ ዳር የአንድ ፈረንሳዊ ወይን ይንከባከብ ነበር። ያኔ ፈረንጅን ሙሴ እንል ነበርና ስሙ ሙሴ ጋስቶን ነው። ረጅም፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ባርኔጣው ላይ ላቡ የደረቀበት ሰው። አገሬው ይስቅበት ነበር። ዳገቱ ላይ ለስላሳ ጥቁር አፈር እያለ እሱ የወንዝ ጠጠር መርጦ ተከለ።

«ወይን ጥጋብ አይወድም ይላል» ይለን ነበር አባቴ እራት ላይ። «ጠጠር ውሃ አይቋጥርም። ቀን የሞቀውን ማታ ለግንዱ ይመልስለታል። ሥሩም ውሃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። የእሱ አገርም እንደዚህ ነው፤ ሁለት ወንዝ ተገናኝቶ ወደ ባሕር የሚገባበት ጠጠር።»

«አገሩ እንደዚህ ከሆነ ምን ሊያደርግ መጣ?» አለች እናቴ በለጥሽ።

«ብርድ ገደለበት። በአንድ የካቲት የአባቱ ወይን በሙሉ እንደ ማገዶ ደረቀ። የከተማው ነጋዴዎች አዲሱ ተክል እስኪያፈራ አልጠበቁትም፤ ወደ ሌላ ሄዱ።»

«ነጋዴ ምን ጊዜም ነጋዴ ነው።»

«እነዚህ እኮ ከበርሜል ቀምሰው ይተፉታል።»

«ተፍተው ይገዙታል?»

«ተፍተው ይገዙታል።»

እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የገባኝ መሰለኝ። ኃጢአት መሆኑን ስለሚያውቁ ነው የሚተፉት አልኩ በልቤ። ከዚያ ወዲህ ሙሴ ጋስቶንን ፈራሁት። ሰው የሚተፋውን ነገር የሚተክል ሰው ነው።

ወንዙ ላይ ጉም ሲተኛ የወይኑ ቅጠል ይሻግታል። አባቴ መርጫ አዝሎ በረድፎቹ መካከል ሰማያዊ መድኃኒት ይረጫል። ማታ ሲገባ ጥፍሩ ሰማያዊ ነው፣ ቅንድቡ ሰማያዊ ነው። እናቴ ውሃ እያፈሰሰችለት «ፈረንጁ ቀለም ቀብቶ ሊሸጥህ ነው» ትለዋለች። እሱ ይስቃል። እኔ እውነት መስሎኝ እንቅልፍ አጣለሁ።

እኛ ቤት መጠጥ አይገባም። አያቴ ያመነ ዕለት የጠላውን ጋን ደጅ አውጥቶ ሰብሯል። የጌታ እራት ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ከአብዱልወሀብ ሱቅ ዘቢብ ገዝተው ይቀቅሉና ያን ቡናማ ውሃ በጽዋ ያዞራሉ። ሌላ ወይን አናውቅም።

ያን ዓመት የሙሴ ጋስቶን ተክል ለመጀመሪያ ጊዜ አፈራ። ለአባቴ አንድ ትልቅ ቅርጫት ሙሉ ሰጠው። አባቴ ቅርጫቱን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ። ቤት ሲደርስ አንዲት ፍሬ እንኳ አላስቀመሰንም።

«የጌታ ነው» አለ። «ዘንድሮ በዘቢብ ውሃ አናስበውም። በፍሬው ነው የምናስበው።»

ረቡዕ ዕለት አዲስ እንስራ አመጣ። እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ታጠበ። ፍሬውን ከነልጣጩ እየጨመቀ ሞላው፤ አፉን በእንሰት ቅጠል ከድኖ ጓዳ አስቀመጠው። ሲሠራ ይዘምር ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

በማግስቱ እንስራው ማውራት ጀመረ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ብዙ ሰው በሩቅ የሚንሾካሾክ ይመስላል። ቅጠሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ቤቱን የማላውቀው ሽታ ሞላው፤ የበሰለ ሙዝ፣ የረጠበ እንጨት፣ ትንሽ አፍንጫ የሚወጋ ነገር።

«ዱካሞ፣ ይሄ ነገር ይተነፍሳል» አለች እናቴ።

«ይተንፍስ።»

«ፈልቶ እንዳይሆን።»

«በምን ይፈላል? ጌሾ አየሽበት? ብቅል አየሽበት? ጌሾ ያልገባበት ነገር ማንን አስክሮ ያውቃል?»

በእኛ አገር ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ጠላውንም ጠጁንም የሚያሰክረው ጌሾው ነው፤ ጌሾ የሌለበትን ብርዝ ሕፃንም ይጠጣዋል። ስካርን ሰው በእጁ የሚጨምረው ነገር አድርገን ነበር የምናውቀው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙሴ ጋስቶን በላንድሮቨሩ መጣ። አባቴ ጓዳ አስገባው። እኔ ከእህል ጎተራው ኋላ ነበርኩ። ፈረንሳዊው ቅጠሉን አነሳ። ተንበርክኮ ጆሮውን እንስራው ላይ ለጠፈና እንደዚያው ቆየ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። እጁን ጨብጦ እስከ ክርኑ ከተተ። ወደ ታች ገፋ፣ ደግሞ ገፋ። ክንዱ ቀልቶ ወጣ። ጣቱን ላሰ። አልተፋም። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ጥሩ» አለ በተሰባበረ አማርኛው። «እሁድ፣ ጥሩ። በጣም ጥሩ።»

አባቴ ትከሻውን ነካ አደረገው።

እኔ ያየሁትን አይቻለሁ። የተጨበጠ እጅ ገባ፣ የተከፈተ እጅ ወጣ። አንድ ነገር ጨምሮበታል። ያለቀሰውም ሕሊናው ወቅሶት ነው አልኩ።

እሁድ ሙቀቱ ከጠዋቱ ጀመረ። ሰዎች ከየመንደሩ በባዶ ሆዳቸው በእግር መጥተዋል። የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ሽማግሌ አቶ ሽጉጤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ሲዘመር እንኳ ከንፈራቸው እምብዛም የማይላወስ ሰው ነበሩ። ጽዋውን አንስተው «ከምድራችን የበቀለ ፍሬ ነው፤ ያዘጋጀውም ወንድማችን ዱካሞ ነው» አሉ። አባቴ አንገቱን ደፋ።

ጽዋው ዞረ። የመጀመሪያዋ ሴት ከጠጣች በኋላ ጽዋውን ቶሎ አልለቀቀችም። ቀጥሎ ያለው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ተጎነጨ። እንስራው ትልቅ ስለነበር ሌላ ዙር ዞረ። የተረፈው አይደፋም፤ ሥርዓቱ ሽማግሌው እንዲጨርሰው ነው። አቶ ሽጉጤ ጨረሱት።

ከዚያ ተነስተው ያበቁትን ስብከት እንደገና ጀመሩ። በመካከል ሳቁ። አቶ ሽጉጤ ሲስቁ አይተን አናውቅም። በድንበር ተጣልተው ሰላም የማይሉትን ጎረቤታቸውን ከወንበሩ አንስተው አቀፉት። መዝሙር አወጡ፣ ዜማውን ሳቱ፤ ጉባኤው የሳቱትን ዜማ ተከትሎ ዘመረ። አሮጊቶች አጨበጨቡ። እኛ ልጆች ደጃፉ ላይ ተደራርበን እናያለን። መንፈስ ወረደ አልን። ከልባችን ነው ያልነው።

አሁን ሳስበው ባዶ ሆድ፣ ሙቀትና አንድ እንስራ ወይን ጠጅ ነበር። ቢሆንም ከዚያ የበለጠ ደስ ያለው ጉባኤ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ሰኞ ገበያው ሁሉ ሰምቶታል። «ሽማግሌው ሰክሮ ሰበከ» እያሉ ሳቁባቸው። ጎረምሶች ያን የተጣመመ ዜማ ከኋላቸው እየተከተሉ ዘመሩላቸው። ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ አባቴን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ዝግባ ሥር አስጠሩት። እናቴ ከሩቅ ቆመች፤ እኔ ቀሚሷን ይዣለሁ።

«ዱካሞ፣ ምን ጨመርክበት?» አሉ አቶ ሽጉጤ።

«ምንም።»

«እኔ ሽጉጤ ሰክሬያለሁ። በመድረክ ላይ ሰክሬያለሁ። ምንም ትለኛለህ?»

«ትናንት ሙሴን ጠየቅሁት። ማንም አልጨመረበትም። ፍሬው ራሱ ነው የሚፈላው። የሚያፈላው ነገር ልጣጩ ላይ ነው ያለው።»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁ። «ልጣጩ ላይ ጌሾ በቅሏል?»

«የፈረንጅ ፍሬ ነዋ! ጠማቂዋም ከውስጡ ትወለዳለች» አሉ ሌላው።

አቶ ሽጉጤ አልሳቁም። ወደ አባቴ ተጠግተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማኝ ወንድሜ። ያንተን እጅ አውቀዋለሁ። ፈረንጁ ጨምሮበት ከሆነ እሱ ነው በለኝ። አንድ ቃል ነው። ዛሬውኑ ያበቃል፤ በሚመጣው እራት ከእኛ ጋር ትቆርሳለህ። እምቢ ካልክ ግን ይህን ጉባኤ አውቀህ አሰክረሃል ማለት ነው።»

በል አልኩ በልቤ። እሱ ነው በል።

«ያላየሁትን አልመሰክርም» አለ አባቴ።

እውነቱን እስኪናገር ድረስ ከጌታ እራት ታገደ።

ሌላ ሰው በዚህ ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል። አባቴ ግን አልቀረም። እሁድ እሁድ ታጥቦ፣ ያችኑ ኮት ለብሶ፣ የኋላው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ጽዋው ዞሮ እሱ ጋ ሲደርስ ያልፈዋል። በደረሰ ቁጥር ቀኝ እጁ ከጉልበቱ ላይ ትንሽ ይነሳና ይመለሳል። እጁ መታገዱን የረሳ ይመስል ነበር።

እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። አባቴ ለፈረንጁ ብሎ ይዋሻል። እኛን ትቶ እሱን መርጧል። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለማንም አልተነፈስኩም። እሱ ወደ እርሻው ሲወርድ «ና፣ እንሂድ» ይለኝ ነበር። ሥራ አለብኝ እለዋለሁ።

አብዮቱ መጥቶ መሬት ሲወረስ ሙሴ ጋስቶን አንድ ሻንጣ ይዞ ሄደ። ወይኑ ተነቅሎ በቆሎ ተዘራበት። በዚያ ሰሞን አቶ ሽጉጤ በከዘራ እየተደገፉ ቤታችን መጡ። እኔ ጎረምሳ ሆኛለሁ፤ ወንበር ያቀረብኩላቸው እኔ ነኝ።

«ሰውየው ሄዷል» አሉት አባቴን። «ከእንግዲህ የምትጎዳው ሰው የለም። እኔም መሄጃዬ ደርሷል፣ ዱካሞ። ካንተ ጋር ሳልቆርስ መሞት አልፈልግም። በል፣ ንገረኝ።»

«አቶ ሽጉጤ፣ ለእርስዎ ስል መዋሸት ብችል ደስ ባለኝ» አለ አባቴ።

ሁለቱም አለቀሱ። ሽማግሌው ተነስተው ሄዱ። ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም። ሰውየው ባሕር ተሻግሮ እንኳ አባቴ ይዋሽለታል አልኩ።

አቶ ሽጉጤ በዚያው ክረምት ሞቱ። አባቴ ብዙ ቆይቶ ሞተ። ሳይቆርስ ሞተ።

ለፊቤ እስከዚህ ድረስ ነገርኳት። አንድ ልጅ መጥቶ ሻማ ጠየቀ፤ ሸጥኩለት። ዞር ስል ስልኳን አስቀምጣ ታየኛለች።

«አባባ፣ እጁን እንዴት አድርጎ ነው ያስገባው?»

አሳየኋት። ጨብጬ፣ ወደ ታች።

«ኢሽ» አለች፤ እዚህ ሰው ሲገርመው የሚለው ነው። «እሱ እኮ ልጣጩን እየገፋው ነው። ሲፈላ ልጣጩ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ካልገፋኸው ይበላሻል። ቦርዶም እንደዛው ነው፤ አሁን በማሽን ሆነ እንጂ ድሮ በእንጨትም በእጅም ይገፉት ነበር።»

«እጁ ውስጥ የነበረውስ?»

«ናቲንግ፣ አባባ። ምንም አልነበረም። የሚያፈላው ልጣጩ ላይ ነው ያለው፤ በዓይን አይታይም። ፍሬውን ጨምቀህ ትተወዋለህ፣ ይፈላል። በቃ።»

«ጌሾ ሳይገባበት?»

«ጌሾ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ በሕይወቴ መጠጥ ቤት ገብቼ አላውቅም። ይህን የሚነግረኝ ሰው ከየት ይመጣል?

«ለምን አለቀሰ ታዲያ?»

አሰበች። «እዛ የሚጨመቀው መስከረም ላይ ነው። እኔ ሄጄ አላውቅም። ሄደው የመጡት ግን በዛ ሰሞን መንደሩ በሙሉ እሱን ይሸታል ይላሉ። ያልከውን ነው የሚሉት፤ ሙዝ፣ እርጥብ እንጨት። ሆምሲክ ሆኖ ይሆናላ፤ አገሩ ናፍቆት።»

ተነስቼ ክፍሌ ገባሁ። «አባባ፣ ምን አልኩ?» እያለች ተከተለችኝ። ምንም አላልሽም አልኳት።

ሰባ ዓመቴ ነው። አባቴን ሳልከፋበት የናፈቅሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ፊቱ ሲመጣብኝ የፈረንጁ ቀይ ክንድ አብሮ ይመጣ ነበር። አሁን ብቻውን መጣ። ዳገቱን ሲወርድ መጣ፤ መርጫውን አዝሎ፣ ቆሞ ዞር ብሎ እያየኝ። አብሬው ብወርድ ምን ያወራኝ እንደነበር አላውቅም። ስለ ጠጠሩ ይሆናል። ስለ ጉሙ ይሆናል። ድንጋይ ቀን የሞቀውን ማታ ሲመልስ እጄን አስይዞ ያሳየኝ ነበር ይሆናል። የሱቁ ማቀዝቀዣ ያጓራል፣ ውጭ ታክሲዎች ጥሩምባ ይነፋሉ፣ እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በጆሮዬ አንድ ወንዝ እፈልጋለሁ።

በማግስቱ ወደ አገር ቤት ደወልኩ። የዚያች ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊ አሁን ምሕረቱ የሚባል ወጣት ነው። ነገሩን አስረዳሁትና የአባቴ እገዳ ይነሳለት አልኩት።

«አባባ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች በሙሉ አልፈዋል እኮ» አለኝ። «አባትዎ እንደታገዱ የሚያውቅ ሰው ያለም አይመስለኝም። ምን ይነሳላቸዋል?»

«በጉባኤ ፊት ታግዷል፤ በጉባኤ ፊት ይነሳለት። እሁድ ቆመህ ዱካሞ የተናገረው እውነት ነበር በል።»

«ስለ ምን ልበል?»

«ስለ ወይን ጠጅ።»

«በመድረክ ላይ?» ሳቀ። «ሊያባርሩኝ ነው!»

«ካባረሩህ እኔ እመሰክርልሃለሁ።»

ሳቁን አቆመ። «እሺ አባባ። እናገራለሁ።»

እሁድ ሙሉ ልብሴን ለበስኩ። እዚህ ያለው ጉባኤያችን ከተማው ውስጥ፣ ዱርንፎንቴን በሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ሲናገር እዚህ እነሳለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ደረጃውን ጨርሼ ሰዓቴን ሳይ ነው የአገር ቤት ሰዓት ከዚህ እንደሚቀድም ትዝ ያለኝ። ተብሏል። ሲባል እኔ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፤ ጭኗ ላይ የልደት ኬክ ካስቀመጠች ሴት አጠገብ፣ ኬኩን እንዳልነካባት ክርኔን ሰብስቤ።

ስብሰባው ሲያበቃ ደወለልኝ። ደረጃው ላይ ወጥቼ አነሳሁት።

«ተናገርኩ» አለ ምሕረቱ። «ብዙው ሰው አልገባውም። ወጣቶቹ ሳቁ። አንዲት አሮጊት ግን ከመካከል ተነሱ። ብቻቸውን መቆም አይችሉም፤ አንዲት ልጅ ደግፋቸው ነው።»

«ምን አሉ?»

«ያን ቀን ነበርኩ አሉ። ከተጠመቅሁ ገና ሳምንቴ ነበር፤ ከዚያ ጽዋ ጠጥቻለሁ አሉ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ያለ ነገር አፌ ገብቶ አያውቅም አሉ። ጉባኤው በሙሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው በአጠገቤ ይወርዳሉ፤ ሰላም ይሉኛል፣ ራሴን እነቀንቃለሁ። እኔ ያኔ አልተጠመቅሁም ነበር። አባቴ በእጁ የሠራው ነገር በደጃፉ በኩል ሸተተኝ እንጂ አልደረሰኝም።

«አባባ? መስመር ላይ ነዎት?»

«ጣዕሙ ምን ይመስል ነበር አሉ?»

«እሱን አልጠየቅኳቸውም።»

«ሂድና ጠይቅልኝ» አልኩት።